ብርብራ፤ ጥቅሙና ጉዳቱ

ብርብራ የአተርና የባቄላ ዘመድ ነው ቢባል የዛፉን ቁመት የሚያውቅ ሰው ይገረም ይሆናል። ነገር ግን ወይን ጠጅ መልክ ያለው አበባው በቅርጹ የአተርን አበባ ይመስላል፤ ፍሬውንም እንደ ባቄላ በረዥም ቅርፊት ውስጥ ደርድሮ ይይዛል። ቅርፊቱ ሲደርቅ በኃይል ተሰንጥቆ ፍሬውን ይበትናል። የዕፀዋት ሊቃውንት ሚሌትያ ፌሩጂኒያ የሚሉት ይህ ዛፍ የተፈጥሮ አገሩ ኢትዮጵያ ብቻ ናት።

ጥቅሙን እናስቀድም። በሥሩ ላይ ባሉት እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለዛፉ ምግብ ያደርጉለታል፤ ቅጠሉም ረግፎ ሲበሰብስ ይኸው ሀብት ወደ አፈሩ ይገባል። ስለዚህ ብርብራ ለቡና ጥላም ማዳበሪያም ነው። ለዚህም የጌዴኦ ገበሬ ምስክራችን ነው። ቡናንና እንሰትን ከብርብራና ከሌሎች የአገር ዛፎች ጋር አሰባጥሮ ያለማል፤ ይህም መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል።

ጉዳቱ የሚመጣው ከፍሬው ነው። በፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የተባለ መርዝ አለ። መርዙ በስንጥቡ በኩል ወደ ዓሣው ደም ሲገባ፣ ሕዋሶቹ ባገኙት ኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያግዳቸዋል። ውሃው ኦክስጅን ሳያጣ ዓሣው ታፍኖ ይንሳፈፋል፤ አጥማጁም በእጁ ይለቅመዋል። ይህን ብልሃት አባቶቻችን ያለ ቤተ ሙከራ ደርሰውበታል።

ነገሩ የሚከፋው በጣና ዙሪያ ነው። በሐይቁ ከሚኖሩት የላቤዮባርበስ ዓሦች ከ10 የሚበልጡት ዐይነቶች በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። ከእነዚህም በርካቶቹ ክረምት ሲገባ ዕንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራ ወዳሉት ወንዞች በብዛት ይወጣሉ። በዚያን ጊዜ የተፈጨ ብርብራ በወንዙ ሲነሰነስ የሚጠፋው የዛሬው ዓሣ ብቻ ሳይሆን የሚመጣው ዓመት ዘርም ነው። መረብ ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ትንሹን ያሳልፋል፤ መርዝ ግን አይመርጥም።

ታዲያ ዛፉን እንኰንን? ይህስ ፍርደ ገምድልነት ነው። የሚጠበቀው ወንዙ ነው፤ ይልቁንም በእነዚያ ጥቂት የክረምት ወራት። አጥማጁንም ብንከለክለው፣ ወራቱ እስኪያልፍ ልጆቹን በምን ያበላል ብለን መጠየቅ አለብን። ባዮሎጂ የምንማረው የዓሣውን ጠባይ፣ ሕግ የምንማረው ደንቡን፣ ኤኮኖሚ የምንማረው የአጥማጁን ኑሮ ብንመረምር ለአንዱ ጥያቄ ሦስት እጆች ይዘረጉለታል። ትምህርታችንም ለአገር ጠቀመ የሚባለው ያን ጊዜ ነው።