የግቤት ክስተቶች የጊዜ ማህተምና የ2030 ዓ.ም. ጥምቀት

በሊኑክስ ከርነል የቁልፍ ሰሌዳ፣ የማውስ ወይም የንክኪ ስክሪን እያንዳንዱ ክስተት ከጊዜ ማህተም ጋር ለፕሮግራሞች ይደርሳል። በ32 ቢት ሥርዓቶች ማህተሙ ከ1970 እ.ኤ.አ. መባቻ ወዲህ ያለፉትን ሰከንዶች አሉታዊ ምልክት በሚቀበል 32 ቢት ቁጥር ይመዘግባል። ቁጥሩ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከንጋቱ 12:14:07 ላይ ይሞላል፤ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ የጥምቀት ማለዳ መሆኑ ነው። በቀጣዩ ሰከንድ ማህተሙ ወደ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ይመለሳል። የውጭ ጽሑፎች «የ2038 ችግር» የሚሉት ይህንኑ ሲሆን፣ ቁጥሩን እንደ ዓመተ ምሕረት የወሰደ መሥሪያ ቤት ዕቅዱን በስምንት ዓመት ያዘገያል።

ማህተሙን ወደ 64 ቢት ማስፋት ቀላል ይመስላል። ይሁንና በእነዚህ ሥርዓቶች አንድ ክስተት 16 ባይት ነው፤ ቢሰፋ 24 ስለሚሆን በ16 እየቆረጡ የሚያነቡ ነባር ፕሮግራሞች ይሳሳታሉ። ስለዚህ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ከርነል 4.16 መጠኑን ሳይነካ ሰከንዱ ምልክት አልባ ሆኖ እንዲነበብ አደረገ፤ የማህተሙም ዕድሜ እስከ ጥር 2098 ዓ.ም. ተራዘመ። በቀድሞው ፍቺ የተጠናቀሩ ፕሮግራሞች ግን ከዚህ አይጠቀሙም።

የተሻለው መንገድ ሌላ ነው። ድርብ ጠቅታን ለመለየት የሚያስፈልገው በሁለት ክስተቶች መካከል ያለው ልዩነት እንጂ ቀኑ አይደለም። ፕሮግራሙ ማህተሙ በሞኖቶኒክ ሰዓት እንዲሰጠው ከርነሉን ቢጠይቅ ቆጠራው ከማሽኑ መነሣት ይጀምራል፤ የሚሞላውም ከ68 ዓመት በኋላ ነው። መብራት በሚቋረጥባቸው ከተሞች ያን ያህል ሳይጠፋ የሚቆይ ማሽን አይጠበቅም። ልዩነቱን ለመፈተሽ የ32 ቢት ምናባዊ ማሽንን ሰዓት ከጥምቀቱ ቅጽበት አንድ ደቂቃ ቀደም አድርጎ መሙላትና ቅጽበቱ እስኪያልፍ ማውሱን ደጋግሞ መጫን ይበቃል።