«ስህተት አለ» ብሎ ዝም

ሊማሊሞ ላይ መኪና የተበላሸበት ሹፌር ደባርቅ ደውሎ «ቆሜያለሁ» ብቻ ቢል፣ መካኒኩ የትኛው ኩርባ ላይ ይፈልገው? እኛ የምንሠራቸው ፕሮግራሞችም ፋይል ማንበብ ሲያቅታቸው እንደዚሁ ናቸው። «ልክ ያልሆነ ቀን» ይሉና ዝም።

የቀን ነገር ደግሞ እዚህ አገር ይብሳል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት የሕዝብና የጤና ክትትል ያካሂዳል፤ ልደት፣ ሞት፣ ፍልሰት ይመዘገባል። እንዲህ ላለ ምዝገባ ፕሮግራም የምትጽፉ ከሆነ አስቡት፦ እናት የልጇን ልደት «ጳጉሜን 6 ቀን 2015» ብላ ትናገራለች። ዘመኑ ሉቃስ፣ ጳጉሜንም ስድስት ቀን ነበረችና ትክክል ናት። መዝጋቢው 6/13/2015 ብሎ ይጽፋል። 12 ወር ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም «ልክ ያልሆነ ወር» ብሎ ይጥለዋል። ይህ እንኳ ይሻላል። እንደ አሜሪካኖች ወሩን አስቀድሞ የሚያነበው ጁን 13 አድርጎ ዝም ብሎ ይቀበለዋል፤ ሕፃኑም በአንድ ጊዜ ስምንት ዓመት ያረጃል።

ደህና መልእክት እንዲህ ይላል፦ «ረድፍ 214፣ የልደት ቀን፦ 6/13/2015 አገኘሁ። የጠበቅሁት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ 13ኛ ወር የለውም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ጳጉሜን 6 ነው፤ የቀን አቆጣጠሩን ይቀይሩ።» የተጻፈው ጳጉሜን 6 ቀን 2014 ከሆነ ግን ስህተቱ የመዝጋቢው ነው፤ «በ2014 ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ ነበረች» በሉት።

እኔ ራሴ ኮድ ስጽፍ የአማርኛ ኪቦርድ ሳልቀይር በኮማ ፋንታ «፣» ጽፌ ግማሽ ቀን ፈልጌያለሁ። መሣሪያው የሚለኝ «የአጻጻፍ ስህተት» ብቻ ነበር። ዓይን ለምዶት ያልፈዋል። ያልታወቀውን ምልክት ራሱን ከነዩኒኮድ ቁጥሩ አሳዩ።

ነገርን ከሥሩ ይባል የለ? ፓይተን ያልተዘጋ ቅንፍ ሲያገኝ ብዙ ጊዜ የሚወቅሰው ከታች ያለውን ንጹሕ መስመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው 3.10 ግን ቅንፉ የተከፈተበትን ቦታ ይጠቁማል። ለዚህ የሚያስፈልገው ኮዱን የሚያነበው ክፍል የተከፈተ ቅንፍ ባገኘ ቁጥር ቦታውን መያዝ ነው።

«ለዝርዝሩ ይህን ገጽ ይጎብኙ» የሚለውንም ተዉት። ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ኔትወርክ በሌለበት መንደር ታብሌት ይዞ ለቆመ ሰው ምን ይረባዋል? መፍትሔው እዚያው መልእክቱ ላይ ይጻፍ። በመጀመሪያው ስህተት አትቁሙ፤ ፋይሉን ጨርሳችሁ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ዘርዝሩ፤ ሰውየው ለእያንዳንዷ ስህተት ዳገት አይመላለስ።

ነገ ጠዋት ኮዳችሁን ከፍታችሁ «ልክ ያልሆነ» የሚለውን ቃል ፈልጉ። የእኔ ውስጥ አሥራ ሰባት ቦታ ነበር።