የአእምሮ ሕመምና የታማሚው መብት



በአዲስ አበባ «አማኑኤል» የሚለው ስም ብዙ ጊዜ የሚነሳው በሹክሹክታ ወይም በቀልድ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስለነበር፣ ስሙ ከ«እብደት» ጋር ተጣብቆ ቀረ። ሆስፒታሉ ከፒያሳና ከአራዳ ብዙም አይርቅም። ሐፍረቱ ግን መንገዱን ያረዝመዋል። ታማሚው እስኪደርስ ድረስ ከሰው ተደብቆ፣ አንዳንዴም ታስሮ ይቆያል። ለመሆኑ ይህ ሰው ምን መብት አለው?

ሕጉ ምን ይላል?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አእምሮ ሕሙማን ሲደነግግ በዋናነት የሚያተኩረው በንብረትና በውል ላይ ነው። ታማሚው ንብረቱን እንዳያስተዳድር በፍርድ እንዲከለከል ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዶቹ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሊያመለክቱ ይችላሉ። ልብ በሉ! የሚወስነው ፍርድ ቤት እንጂ ወንድም ወይም ጎረቤት አይደለም። «እሱ እኮ በሽተኛ ነው» ብሎ የውርስ ድርሻውን መያዝ አይቻልም።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ማንኛውም ሰው ከሕግ ውጭ ነጻነቱን እንዳያጣ፣ ከጭካኔ አያያዝ እንዲጠበቅና የግል ሕይወቱ እንዲከበር ደንግጓል። ታማሚውም «ማንኛውም ሰው» ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም የረጅም ጊዜ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ይጨምራል። በስምምነቱ መሠረት ጉዳት ብቻውን ነጻነት ማሳጫ ምክንያት አይሆንም፤ ሕክምናም የሚሰጠው ታማሚው ተረድቶ ሲፈቅድ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው።

ዝርዝሩ ግን የራሱን ሕግ ይፈልጋል። የ2005 ዓ.ም. ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሕክምናውን ወደ ጤና ጣቢያዎች ለማድረስ ሲነሳ፣ ራሱን የቻለ የአእምሮ ጤና ሕግ በአገሪቱ አልነበረም። ያለ ፈቃዱ ማን ይተኛል? ለስንት ጊዜ? አቤቱታውንስ ማን ይሰማል? ጋና በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ አቤቱታ የሚሰማ ጉባኤ አቋቁማለች። የሕንድ የ2017 እ.ኤ.አ. ሕግ ታማሚን በሰንሰለት ማሰርን ከልክሏል፤ ሰው ጤነኛ ሳለ ቢታመም እንዴት መታከም እንደሚፈልግ አስቀድሞ እንዲጽፍም ፈቅዷል።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

1. ታማሚውን አነጋግሩት። ሐኪሙ ስለ እሱ ለእናንተ ብቻ ሳይሆን ለራሱም እንዲያስረዳው ጠይቁ።

2. የሕመሙን ስም፣ የመድኃኒቱን ጥቅምና ጉዳት ጠይቁ። በረመዳን መጾም የሚፈልግ ሰው የመድኃኒቱን ሰዓት በራሱ አይቀይር፤ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። በተለይ ሊቲየም የሚወስድ ሰው ሰውነቱ ፈሳሽ ሲያጣ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ሊከማችበት ይችላል።

3. ሩቅያ ማስቀራት መድኃኒት ማቋረጥ ማለት አይደለም።

4. አትሰሩት። ራሱን ወይም ሌላውን ይጎዳል ብላችሁ ከሰጋችሁ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

5. ምስጢሩን ጠብቁ። ሕመሙ የሰፈር ወሬ አይሁን።

6. በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳ አካባቢ የተነሱ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ሰፈር የቀየረ ታማሚ ጠባዩን የሚያውቅ ጎረቤት ያጣል። ስለዚህ የሕክምና ወረቀቱን ይዛችሁ በአዲሱ ሰፈር የሚቀርበውን ጤና ጣቢያ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ መድኃኒቱ እስኪያልቅ አትጠብቁ።

ውድ አንባብያን፣ አእምሮው የታመመ ሰው ሲሻለው የተደረገለትንም የተደረገበትንም ያስታውሳል። ነገ ዓይኑን አይታችሁ የማታፍሩበትን ዛሬ አድርጉለት።

ለሁላችንም ጤናውን ያብዛልን። ወሰላም።