«ቢኒሩ» የተባለው የጃፓን ቃል በንግድ ሥራ

ከጃፓን ነጋዴ ጋር የሚጻጻፍ አስመጪ «ቢኒሩ» የሚለውን ቃል ማግኘቱ አይቀርም። ቃሉ «ቪኒል» ከሚለው የአውሮፓ ስም የተወሰደ ነው፤ በጃፓንኛ «ቪ» ወደ «ቢ»፣ «ል» ወደ «ሩ» ተለውጧል፤ «ኒ»ም ረዘም ተደርጎ ይነገራል።

በፋብሪካ ቋንቋ ቪኒል ማለት ፒ.ቪ.ሲ. ነው። በጃፓን የዕለት ንግግር ግን «ቢኒሩ» ስስና ተጣጣፊ የሆነውን ፕላስቲክ ሁሉ ያጠቃልላል። «ቢኒሩ ቡኩሮ» ማለት የፕላስቲክ ከረጢት ነው፤ ነገር ግን ከረጢቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከፖሊኤትሊን ነው። ይህም በኢትዮጵያ ገበያ ስሱ ፕላስቲክ ሁሉ «ላስቲክ» እንደሚባለው ያለ ነው።

የስሙ መደባለቅ ጉዳት የሚያስከትለው ዕቃው በኪሎ ሲገዛ ነው። ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነ ፖሊኤትሊን በካሬ ሜትር 92 ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ተጣጣፊው ፒ.ቪ.ሲ. 130 ግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ 100 ኪሎ የገዛ ሰው ከመጀመሪያው 1,080 ካሬ ሜትር ያህል፣ ከሁለተኛው ግን 770 ያህል ብቻ ያገኛል።

እንግዲህ በትእዛዝ ደብዳቤ ላይ «ቢኒሩ» ብሎ መተው አይበቃም። ፒ.ቪ.ሲ. የሚፈልግ «ፖሪ ኤንካ ቢኒሩ»፣ ፖሊኤትሊን የሚፈልግ «ፖሪኤቺረን» ብሎ ይጻፍ፤ ውፍረቱን፣ ወርዱንና ርዝመቱንም ይጨምር። ናሙና ሲደርስም ከእርሱ ጥቂት ቆርጦ ውሃ ውስጥ ማጥለቅ ይጠቅማል፤ ፖሊኤትሊን ይንሳፈፋል፣ ፒ.ቪ.ሲ. ግን ይሰጥማል።