የጋራ ግድግዳና የጎረቤት ሐቅ



ስለ ጎረቤት ሐቅ ሲነሳ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በሽተኛ መጠየቅ፣ ከወጡ ማካፈልና ቀብር መሸኘት ነው። እነዚህ ትልልቅ ሐቆች መሆናቸው አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ፣ አንዱ ቤት በሌላው ተደግፎ በቆመበት ሰፈር፣ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያቀያይሙት ብዙውን ጊዜ አጥር፣ የጣሪያ ውኃና የጋራ ግድግዳ ናቸው። ዛሬ የማነሳው በጋራ ግድግዳ ላይ የሚሠራን የእርጥበት መከላከያ ነው።

በመጀመሪያ የእርጥበትን ጠባይ እንወቅ። ውኃ ከመሬት ተነስቶ በድንጋዩ፣ በብሎኬቱና በልስኑ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ወደ ላይ ይሳባል፤ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 1 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ግድግዳው ላይ የወጣው ውኃ በሁለቱም ፊት እየተነነ ይሄዳል። ታዲያ አንዱ ጎረቤት በራሱ በኩል ያለውን ፊት በሲሚንቶና በሬንጅ ድፍን አድርጎ ቢዘጋው ውኃው ምን ይሆናል? መምጣቱን አያቆምም፤ የሚወጣበትን መንገድ ይለውጣል እንጂ። ወይ ከተዘጋው ቦታ በላይ ይወጣል፣ ወይ ወደ ሌላኛው ቤት ይዞራል። በጭቃ ቤት ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ ሲሚንቶው እርጥበቱን አፍኖ ስለሚይዘው ውስጥ ያለው እንጨት ይበሰብሳል። እንግዲህ የራስን ፊት ብቻ መዝጋት እርጥበትን ማዳን ሳይሆን ለጎረቤት ማስረከብ ነው።

ሸሪዓችን በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ-ን-ኒሳእ በአንቀጽ 36 ለቅርብም ለሩቅም ጎረቤት በጎ እንድንውል አዟል። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ የአላህ መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ጎረቤት በግድግዳችን ላይ እንጨቱን እንዳያሳርፍ እንዳንከለክለው አስተምረዋል። ኢማሙ አሕመድ ባለቤቱን የማይጎዳና ለጎረቤቱ የሚያስፈልግ እስከሆነ ድረስ መፍቀዱን ግዴታ ሲያደርጉት፣ ኢማሙ ማሊክና ኢማሙ አቡ ሐኒፋ የተወደደ ተግባር ነው ብለዋል። ልዩነቱ እንዳለ ሆኖ መንፈሱ አንድ ነው፤ ጎረቤቴ ቤቱን እንዳይጠግን እንቅፋት ልሆንበት አይገባኝም።

በሌላ በኩል ኢብኑ ማጃህና ሌሎችም ከዘገቡት ሐዲስ ዑለማዎች ያወጡት ታላቅ መርህ አለ፤ መጉዳትም በጉዳት መመላለስም የለም የሚል ነው። ከ1869 እስከ 1876 በኡስማኒያ መንግሥት የተዘጋጀው መጀላ የተባለው የሕግ መድበል የጎረቤትን ሕንጻ የሚያዳክም ነገር ከከባድ ጉዳት ቆጥሮ እንዲወገድ ያዛል። የአገራችንም የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለ ይዞታው ጎረቤቱን ከመጉዳት እንዲቆጠብ ያዛል። ስለዚህ መጠገን መብት ነው፤ ጉዳትን ወደ ጎረቤት ማሻገር ግን መብት አይደለም።

ይህ ሐቅ የሃይማኖት ድንበር የለውም። ሶሐባው ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) ቤታቸው በግ በታረደ ጊዜ ለአይሁዳዊው ጎረቤታቸው መሰጠቱን ደጋግመው መጠየቃቸው ይታወቃል። ከእኔ ጋር ግድግዳ የሚጋሩትም በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ክርስቲያን ናቸው። በበጋ የራሳቸውን በኩል አስቀርፈው በሲሚንቶና በሬንጅ አስለሰኑ። ሐምሌ ሲገባ ልጆቼ በሚተኙበት ክፍል ቀለሙ ተላጠ፣ ነጭ የጨው ዱቄት ወጣ፣ ከአልጋው ጀርባ ሻጋታ ያዘ። ገሚሱ ዘመድ «ክሰስ» አለኝ፤ ገሚሱም «አንተም በበኩልህ ዝጋበት» ሲል መከረኝ። ሁለተኛው ምክር በጉዳት መመላለስ ስለሆነ ተውኩት። አንድ ግንበኛ ይዤ ሄድኩና «ጋሼ፣ ግድግዳችን ታሟልና አብረን እንየው» አልኳቸው። «ልጄ፣ እኔ እኮ የዳነ መስሎኝ ነበር» አሉኝ።

ስናየው በእሳቸው ግቢ አፈሩ ከወለሉ በላይ ተቆልሏል፤ የአሸንዳውም ውኃ እግረ ግድግዳው ላይ ይወርዳል። አፈሩ ተዛቀ፣ የአሸንዳው ቱቦ ረዘመ፣ ሬንጁ ተፋቀ። ወጪውን ለሁለት ተካፈልን። ከሬንጁ ዋጋ አይበልጥም ነበር።

ከዚህ በመነሳት ለአንባብያን የሚከተለውን እላለሁ፦

አንደኛ፣ ሥራው ሳይጀመር ንገሩ። ጎረቤቱም መጥቶ ይይ። ቤቱ የቀበሌ ከሆነ የሚያስተዳድረው ክፍል ይወቀው።

ሁለተኛ፣ መድኃኒት ከመግዛት በፊት ምንጩን ፈልጉ። አሸንዳውን፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧን፣ የግቢውን አፈር ከፍታ ተመልከቱ። አፈሩ ከወለሉ ቢያንስ በ15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ይመረጣል። ትንሽ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን አጣብቃችሁ አንድ ሁለት ቀን ብትተዉት ጠቋሚ ነው። ከላስቲኩ ጀርባ ከረጠበ ውኃው ከግድግዳው ነው፤ ከፊት ለፊቱ ከረጠበ ግን ከክፍሉ አየር ነውና መስኮት መክፈት ይቀድማል።

ሦስተኛ፣ ለመለሰን አትቸኩሉ። በልምድ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ያህል ማድረቂያ ይታሰባል። ስለዚህ የ20 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ ስምንት ወር ሊፈጅ ይችላል። በዚህ መካከል «አልዳነም» ብሎ ጎረቤትን መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም።

አራተኛ፣ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት፤ ማን ምን እንደሚያሠራ፣ ማን ስንት እንደሚያዋጣ፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚጠግን ይጻፍ። ሁለት ምስክር ይፈርምበት። መጻፍ አለመተማመን አይደለም፤ ነገ ልጆቻችን እንዳይጣሉ ነው።

አምስተኛ፣ ጉዳቱ ደርሶ ጎረቤት እምቢ ካለ ሽማግሌ ይቅደም። ፍርድ ቤት መሄድ የተፈቀደ ቢሆንም የመጨረሻው በር ይሁን፤ ከፍርዱ በኋላም ያው አንድ ግድግዳ ተደግፈን መኖራችን አይቀርምና።

አላህ ጎረቤቶቻቸው ከክፋታቸው የሚተማመኑባቸው ሰዎች ያድርገን። አሚን።