ካርቦን ጫማ ለሯጭ ምን ይሰጣል? ዕድሜውስ ስንት ነው?

አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም የማራቶኑን ሩጫ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ እንደ ፈጸመ ሁላችንም ሰምተን አድገናል። ትዕግሥት አሰፋ ደግሞ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በበርሊን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገብታ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ከ2 ደቂቃ በላይ አሻሽላለች። ያን ቀን ያደረገችው ጫማ አንዱ 138 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ በሶሉ ውስጥ ካርቦን ያለበት ነበር። ከዚህ የተነሣ «የሮጠው ጫማው ነው» የሚሉና «የለም፣ እግር ነው» የሚሉ ጓደኞቻችን በየዶርሙ ሲከራከሩ እንሰማለን። ክርክሩም ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም፤ ለአንድ ጥንድ ጫማ የብዙ ወር ገንዘቡን ሊያወጣ የተዘጋጀ ተማሪ አለና። ስለዚህ እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ብንሆንም ጉዳዩን በሦስት ጥያቄዎች ከፍለን እንመርምረው።

1ኛ፤ ጫማው በእርግጥ ይረዳል ወይ?

ይረዳል። የመጀመሪያው ዝነኛ ካርቦን ጫማ፣ የናይኪ ቬፐርፍላይ፣ በ2009 ዓ.ም. ለገበያ ቀረበ። በ2010 ዓ.ም. የታተመው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 18 ፈጣን ሯጮችን በዚህ ጫማና በሌሎች ሁለት የውድድር ጫማዎች እያፈራረቀ በማስሮጥ፣ በአንድ ዐይነት ፍጥነት ሲሮጡ የሚያወጡት ጉልበት በአዲሱ ጫማ በአማካይ 4 ከመቶ እንደሚቀንስ አገኘ።

ነገር ግን ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ጉልበቱ 4 ከመቶ ቀነሰ ማለት ሰዓቱም 4 ከመቶ ያጥራል ማለት አይደለም፤ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የነፋሱ ተቃውሞ ይጨምራልና። ሁለተኛ፣ ጥቅሙ ለሁሉ እኩል አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በወጣ አንድ ጥናት በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር የሚሮጡ ሰዎች ያተረፉት 1.4 ከመቶ ሲሆን፣ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚሮጡት 0.9 ከመቶ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት በታወቁ የኬንያ ሯጮች ላይ የተደረገ ሌላ ምርመራ ደግሞ በእንዲህ ዐይነቱ ጫማ 11 ከመቶ ያህል የተጠቀመ እንዳለ ሁሉ 11 ከመቶ ያህል የተጎዳም እንዳለ አሳይቷል። እንግዲህ ለጓደኛ የተስማማ ጫማ ለእኛም ይስማማል ብሎ መደምደም አይቻልም።

2ኛ፤ የሚረዳው በምን ምክንያት ነው?

ብዙ ሰው ካርቦኑ እንደ ሞላ ሆኖ ሯጩን ወደ ፊት የሚያስፈነጥረው ይመስለዋል። ዋናው ሥራ ግን የፎሙ ነው። እግር መሬት ሲረግጥ ፎሙ ይጨመቃል፤ እግር ሲነሣ ደግሞ የተቀበለውን ጉልበት ይመልሳል። ከላይ በጠቀስነው የኮሎራዶ ምርመራ የቬፐርፍላይ ፎም ከተቀበለው ጉልበት 87 ከመቶውን ሲመልስ፣ የሌሎቹ ሁለት ጫማዎች 76 እና 66 ከመቶ ያህል ብቻ መልሰዋል። በ2013 ዓ.ም. ተመራማሪዎች የዚያኑ ጫማ ካርቦን ከነሶሉ በመጋዝ ቆራርጠው ጥንካሬውን ካጠፉ በኋላ ሯጮችን ቢያስሮጡበት፣ የጉልበቱ ልዩነት 1 ከመቶ እንኳ አልሞላም።

ታዲያ ካርቦኑ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ወፍራምና ለስላሳ የሆነውን ፎም ደግፎ ይይዛል፤ ጣቶች ከመጠን በላይ እንዳይታጠፉ ይከላከላል። ይሁን እንጂ የጫማው ስም በካርቦኑ ይጠራ እንጂ ዋጋው ያለው ከፎሙ ላይ ነው።

3ኛ፤ የሚረዳውስ እስከ መቼ ነው?

ለገዢው ተማሪ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው። ካርቦን በቀላሉ አያረጅም፤ ፎም ግን ያረጃል። በአንድ ማራቶን አንዱ እግር ብቻ ከ10 ሺህ ጊዜ በላይ መሬት ይመታል፤ በየምቱም የፎሙ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች እየተጨመቁ ይደክማሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ፔባ ከሚባለው ውድ ፎም የተሠራ ጫማና ኢ.ቪ.ኤ. ከሚባለው የተለመደ ፎም የተሠራ ጫማ አወዳድሯል። አዲስ ሳሉ ፔባው በግልጽ ይበልጥ ነበር፤ 450 ኪሎ ሜትር ከተሮጠባቸው በኋላ ግን ብልጫው ጠፋ። ትዕግሥት በበርሊን ያደረገችውን ዐይነት ጫማ ደግሞ ሠሪው አዲዳስ ራሱ ለአንድ ማራቶንና ለጥቂት ማለማመጃ ሩጫ የተሠራ ነው ብሎ፣ በ500 ዶላር ሸጦታል።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? በሳምንት 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ተማሪ በካርቦን ጫማው ልምምድ ቢያደርግበት፣ የከፈለበትን ብልጫ በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ሊጨርሰው ይችላል፤ የውድድሩም ቀን ሲደርስ በእግሩ ያለው ከተራው የማይሻል ውድ ጫማ ይሆናል። ስለዚህ፤

ሀ) ለዘወትር ልምምድ ተራ ጫማ፣ ለውድድርና ለጥቂት ፈጣን ልምምድ ብቻ ካርቦን ጫማ ይደረግ፤
ለ) በጫማው የተሮጠው ኪሎ ሜትር በደብተር ይመዝገብ፤
ሐ) ሰልባጅ የሚገዛ ሰው «ካርቦኑ አልተሰበረም» በሚል ቃል አይታለል። የሶሉን ጎን አይቶ የተጨማደደ፣ ወይም ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ከሆነ ይተወው።

በመጨረሻም ስለ ፍትሕ አንድ ቃል እንበል። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ጥር 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ የሶሉ ውፍረት ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥና ካርቦኑም ከአንድ እንዳይበዛ ወስኗል። ስለ ዋጋው ግን ደንቡ አይናገርም። በእኛም መካከል ውድ ጫማ ያለውና የሌለው በአንድ መስመር ላይ ቆመው ይሮጣሉ። የስፖርት ኮሚቴያችን ገንዘብ ሲያገኝ ለአንድ ሯጭ አንድ ውድ ጫማ ከሚገዛ፣ በዚያው ገንዘብ ለብዙዎች ጠንካራ የልምምድ ጫማ ቢገዛ እንመርጣለን። ፎም በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ያልቃል፤ በልምምድ የተገነባ ሳንባና እግር ግን ከአንድ ውድድር አልፎ ያገለግላል።