ከካንሰር የዳነ ተማሪ

የልጆች ካንሰር ሲነሳ ብዙዎቻችን «ዳነ ወይስ አልዳነም?» ብለን ጠይቀን ነገሩን እዚያው እናቆማለን። ለመምህር ግን ሥራው የሚጀምረው ልጁ ድኖ ክፍል ሲገባ ነው።

በአሜሪካና በካናዳ፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1986 በልጅነታቸው ካንሰር ተገኝቶባቸው ከ5 ዓመት በላይ የኖሩ ሰዎች አድገው ሳለ ተጠኑ፤ ቁጥራቸው ከ10 ሺህ ይበልጣል። ውጤቱ በ2006 ሲወጣ ከ10ሩ 6ቱ ያህሉ ቢያንስ አንድ ሥር የሰደደ የጤና ችግር ነበረባቸው። ምክንያቱም ካንሰሩን የሚያጠፋው ሕክምና ጤነኛውንም አካል ይነካል። ዶክሶሩቢሲን የተባለው መድኃኒት ከዓመታት በኋላ ልብን ሊያደክም፣ ሲስፕላቲን የተባለው ደግሞ የመስማት ችሎታን ሊጎዳ ይችላል። ጭንቅላት ላይ የተሰጠ ጨረር ትኩረትንና ማስታወስን ሊቀንስ፣ እድገትንም ሊገታ ይችላል። ስለዚህ «ድኛለሁ» ብሎ የሐኪም ክትትል ማቋረጥ አደጋ አለው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ልጅ ቢመጣልን ምን እናድርግ?

1ኛ/ ቀስ ብሎ ቢጽፍ፣ ደጋግሞ ቢጠይቅ «ሰነፍ» አንበለው፤ ጊዜ እንጨምርለት።
2ኛ/ በደንብ የማይሰማ ከሆነ ከፊት እናስቀምጠው።
3ኛ/ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ምን ያህል መሮጥ እንደሚችል ሐኪሙ የነገራቸውን ወላጆቹን እንጠይቅ።
4ኛ/ ለምርመራ ሲቀር አንቅጣው፤ ያመለጠውን ትምህርት እናካክስለት።
5ኛ/ ቤተሰቡ ከፈቀደ፣ ካንሰር ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ለክፍል ጓደኞቹ እናስረዳ።
6ኛ/ የወሰደው መድኃኒት ዓይነትና መጠን የተጻፈበትን ወረቀት ወላጆቹ እንዳይጥሉት እንምከር። ከ20 ዓመት በኋላ የሚያየው ሐኪም ይፈልገዋል።

እጩ መምህራን ሆይ! ሐኪም ልጁን በቀጠሮ ያየዋል፤ እኛ ግን በየቀኑ እናየዋለን። ድካሙንም ለውጡንም ቀድሞ ማስተዋል የእኛ ድርሻ ነው።